የዛገው ስብራት

የቆዳ ነጋዴው የሰብስቤ ካሚዮን ገና ከሩቅ ድምፅዋ ሲሰማ ቦልቴን ያቅለሸልሸው ነበር። ጨው የተነሰነሰበት እርጥብ ቆዳ እየጫነች ነው የምትመላለሰው። ሰብስቤ በዚያ ላይ ሰው ይጭንባታል።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በሰኔ፣ ይህችው ካሚዮን ከአረካ ስትመለስ ሶዶ መግቢያ ቁልቁለቱ ላይ ድንገት ወደ ግራ ዘመመችና ከቆዳው ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ዘረገፈቻቸው። ዘነቡ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ጭኗ ተሰበረ። ሰብስቤ “ጥፋቱ የሾፌሩ የአድነው ነው፤ ሰክሮ ድንጋይ ላይ ወጣብኝ” ብሎ አስወራ። ነገሩ ለሽማግሌዎች ተቀጠረ። ሰብስቤ ካሚዮኗን በበሬ አስጎትቶ ቦልቴ ደጃፍ አመጣት።

ቦልቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ማረሻውን እሱ ዘንድ የማያሠራ ገበሬ የለም፤ ከቤቱ የሚያስገባው ግን የለም። “ቡዳ ነው” ይሉታል።

“የኋላ ግራዋ ነው” አለ ሰብስቤ፣ በነጠላው አፍንጫውን ሸፍኖ። “ድንጋይ መትቶት ነው። ቀጥቅጠህ አገናኝልኝ።”

“ምን እንደ መታው ሳላየው አላውቅም፣ ጌታዬ።”

ቦልቴ በግንድ አስደግፎ አነሳትና ከሥሯ ገባ። ከቆዳው የሚንጠባጠበው ቡናማ ውሃ ማጅራቱ ላይ አረፈ፤ አብሮት ትል ወረደ። ወጥቶ አስታወከ፤ አፉን ተጉመጥምጦ ተመልሶ ገባ።

በጎማውና በጭነቱ ሳንቃ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። በቀኝ ሁለት ስንዝር፣ በግራ አራት ጣት አይሞላም። ጎማውን የሚይዘው ወፍራም ብረት አልጎበጠም። እንግዲህ ችግሩ ባሌስትራው ነው፤ ጭነቱን እያረገረገ የሚሸከመው የተደራረበ ብረት። ጨዋማው ውሃ እንደ ቅርፊት ደርቆበታል። ቅርፊቱን ሲፍቀው ማሰሪያዎቹ ላልተው አገኛቸው። ሲፈታቸውም ረጅሙ ብረት ብሎን በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ለሁለት ተሰብሯል። ስብራቱ ደግሞ በግራሶ በተለቀለቀ ጠፍር ተጠምጥሟል።

ጠፍሩን በጥሶ ስብራቱን በአመድ አሸው። አዲስ ስብራት እንደ ብር ያብለጨልጫል። ይህ ግን የሚያበራው ዳሩ ብቻ ነው፤ ሌላው ዝጎ ጠቁሯል። ከተሰነጠቀ ወራት አልፎታል።

አድነውን ጠርቶ ጠፍሩን አሳየው። አድነው ዓይኑን ሰበረ።

“ለሰብስቤ በመጋቢት ነግሬው ነበር። ‘በጠፍር እሰረው፣ ክረምቱን ያወጣናል’ አለኝ።”

“አሰርከው?”

“አሰርኩት።”

“ሰውም ጫንክበት?”

ቦልቴ ምራቁን ጢቅ አለ። “አንተም ከሱ አትሻልም። ይህን ሽማግሌዎቹ ፊት ትናገራለህ?”

“ከሥራዬ ያባርረኛል።”

“ዘነቡስ ቆማ ነው የምትሄደው?”

ሰብስቤ ስባሪውን በእሳት እንዲያገናኝለት ፈልጎ ነበር። ቦልቴ እምቢ አለ፤ የተለጠፈ ባሌስትራ ቁልቁለት ላይ ይከዳል። ቢጠና ከሚባል ቦታ አጠገብ ከወደቀ የወታደር ካሚዮን ደህና ብረት ፈትቶ አመጣ። አግሎ በአሮጌው ልክ አጎበጠው፤ ቀዳዳውን በሳ፤ አቅልቶ በቀለጠ ሞራ ውስጥ ነከረው። እንዳይሰባበር ደግሞ ቀስ ብሎ መልሶ አሞቀው። ገጣጥሞ ማሰሪያዎቹን ሲያጠብቅ ካሚዮኗ ቀጥ ብላ ቆመች።

“ስባሪውን ስጠኝ” አለ ሰብስቤ።

“ምን ያደርግልዎታል?”

“ልጥለው ነዋ!”

“እኔ እጥለዋለሁ።”

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ቦልቴ ከነሱ ጋር መቀመጥ አይፈቀድለትምና ራቅ ብሎ ቆመ። ተራው ሲደርስ ስባሪውንና ጠፍሩን እግራቸው ሥር ወረወረ።

“ድንጋይ የሰበረው ብረት እንዲህ ከውስጥ አይዝግም።”

ትልቁ ሽማግሌ አቶ ተክለጻድቅ ዝገቱን በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ወደ አድነው ዞሩ። አድነው አለቀሰ፤ የሰብስቤንም የራሱንም ጥፋት ተናገረ።

“ቡዳ ይመስክርብኝ?” ብሎ ሰብስቤ ጮኸ።

“የመሰከረብህ ብረቱ ነው፤ ተቀመጥ!” አሉት አቶ ተክለጻድቅ።

ዘነቡ ድና እስክትቆም ሰብስቤ ከነልጆቿ እንዲጦራት፣ በቆዳ ላይም ዳግመኛ ሰው እንዳይጭን ተፈረደበት። ነገሩ ሲያልቅ ለሁሉም የሚጠጣ ቦርዴ ቀረበ። ለቦልቴ ለብቻው፣ በቅል ስባሪ፣ አጥሩ ሥር አስቀመጡለት። እውነቱን ከእጁ የተቀበሉ ሰዎች ናቸው። ቦልቴ ቦርዴውን መሬት ላይ ደፍቶት ሄደ።

ዘነቡ ከመስቀል በኋላ እያነከሰች ገበያ ወጣች። በኅዳር የካሚዮኗ የቀኝ ባሌስትራ ተሰበረ፤ ሰብስቤ ሌላ የሚያውቅ ስላጣ ራሱ መጣ። ቦልቴ ወናፉን ሳያቆም መለሰለት፦

“ቆዳውን አራግፈው፣ ሥሯን በእጅዎ አጥበው ያምጧት።”

ሰብስቤ ተሳድቦ ሄደ፤ በማግስቱ ካሚዮኗን ቦልቴ ደጃፍ አስጎትቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከሥሯ ተጋደመ። ያ ቡናማ ውሃ ፊቱ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ሲያስታውክና ሲፍቅ ዋለ። ቦልቴ ከደጃፉ ቆሞ ስድቡን እየሰማ ጠበቀው። ብረቱ ጠርቶ ሲታይ መዶሻውን አነሳ።