ክኒኔን ስጪኝ ያለችው እሷ ነበረች

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የጾም ግድፈቴን ዘርዝሬያለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ እዘላታለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ሳይቀለኝ አይቀርም።

ታናሽ እህቴ ፍሬሕይወት ገላን ኮንዶሚኒየም ከእኔ ጋር ትኖራለች። ድባቴ ይዟት ከአልጋ መነሳት ባቃታት ጊዜ ሳሪስ ክሊኒክ ወስጃት ክኒን ታዘዘላት። ተሻላት። ሥራ ገባች፣ እንደ ድሮዋ በአለባበሴ ማሾፍ ጀመረች። እኔን ግን ያ ክኒን አላስቀምጥ አለኝ። እህቷ በክኒን ነው የምትኖረው እንዳልባል ፈራሁ። ለእሷ ነው የፈራሁት? ለራሴ ነው።

ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል። እሷ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ለእኔ ነው የነገረኝ፤ "ማቆም ስትፈልግ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነስን እናስቆማታለን። በድንገት እንዳታቆም። ራሷን ያዞራታል፣ ጭንቅላቷን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራታል፣ እንቅልፍ ታጣለች።" እሺ አልኩ። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ከሐኪም በላይ አውቅ የለ።

ጠበል ወሰድኳት። መድኃኒትና ጠበል አብሮ አይሄድም ብዬ አሳመንኳትና ክኒኑን ሽንት ቤት ደፍቼ ውሃ ለቀቅኩበት። አጥማቂው ካህን መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለዚያው ነበር። "መድኃኒት ትወስዳለች? የምትወስድ ከሆነ እንዳታቋርጥ፤ እሱም የእግዚአብሔር ነው" አሉ። አትወስድም አልኳቸው። እዚያው ጠበሉ አጠገብ ቆሜ ዋሸሁ።

ከዚያ ሐኪሙ ያለው ሁሉ ደረሰ። ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች፣ ያስመልሳታል፣ ጭንቅላቴን ነዘረኝ እያለች ትጮኻለች። አብረውን የነበሩት ሴቶች መንፈሱ እየለፈለፈ ነው አሉ። እነሱ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። "እትዬ፣ በእናትሽ ክኒኔን ስጪኝ" ስትለኝ፣ እሷ አይደለችም፣ እሱ ነው የሚጠይቀው ብዬ ለሴቶቹ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የምትለው ሁሉ የእሷ መሆኑ ቀረ። ብታለቅስ እሱ ነው፣ ብትቆጣ እሱ ነው፣ ዝም ብትል ተደብቆ ነው። በየት በኩል ትውጣ? እኔስ አንዴ ከተናገርኩ በየት በኩል ልመለስ?

ሰውነቷ አልቆ ስትወድቅ ሐኪሙ ዘንድ መለስኳት። ክኒኑን እንደገና አስጀመራት፤ ቆይቶም እያየ፣ ሲያዞራት ቅነሳውን እያዘገየ፣ በደህና አስቆማት። የቀደመው ሁሉ መድኃኒቱ ድንገት በመቋረጡ የመጣ እንደነበረም ነግሯታል። ቤት ስንደርስ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። "ሐኪሙ መች አየ፣ ያየሁት እኔ ነኝ" አልኳት። እኔን አመነች።

አሁን ድናለች እንዳትሉ። ቃሊቲ መጋዘን አብሯት የሚሠራ ጨዋ ሰው ሽማግሌ ልላክ ቢላት እምቢ አለችው። "በውስጤ የጮኸው ነገር ለልጄ ቢተላለፍስ?" አለችኝ። የጮኽሽው አንቺ ነሽ ማለት ነበረብኝ። ብናገር አጣታለሁ፤ ዝም ብል ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትፈራ ትኖራለች። እስካሁን ዝም ብያለሁ።

አላወቅኩም ነበር አልልም። ሐኪሙም ካህኑም ነግረውኛል። ይቅርታውም የሚጠየቀው ከእናንተ አይደለም፣ ከእሷ ነው። እሷ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ለሥራ ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ይዛ፣ "እትዬ፣ ያኔ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለችኝ።

"ተይ እባክሽ፣ እህት ለመቼ ነው" አልኳት።