ወደ ኋላ የተቆጠረ ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ላፍቶ በሚገኘው ቤታችን፣ መብራት በጠፋ ምሽት ከከሰል ማንደጃው ዙሪያ አምስት ሆነን እንቀመጥ ነበር፦ ከተማው ከወሰደበት እርሻ በተረፈችው ቁራጭ መሬት ጎመን የሚተክለው አባቴ ጉደታ፣ እናቴ አስካለ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም የሆኑት ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ጋሽ ተሾመ፣ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ፣ እና እኔ። ስድስተኛው፣ የጎረቤታችን ልጅ ብሩክ፣ ወደዚህ ታሪክ ኋላ ይመጣል።

የጋሽ ተሾመ ተረት ከሞት ይጀምር ነበር። ግዙፍ ኮከብ ነዳጁ ሲያልቅ በራሱ ላይ ይደረመስና ይፈነዳል፤ ለሳምንታት ደምቆ ታይቶ ይጠፋል፤ እየሰፋ የሚሄድ የጋዝ ቅሪት ብቻ ይተርፋል። «የሥነ ፈለክ ሰዎች ቅሪቱን ፎቶ ያነሡታል» ይሉ ነበር፣ በመቆስቆሻው አመዱ ላይ ክብ እየሠሩ፤ «ዓመታት ቆይተው እንደገና ያነሡታል። ጠርዙ ስንት እንደተጓዘ ለክተው፣ ወደ ኋላ ቆጥረው፣ የሞተበትን ጊዜ ያገኙታል። ብርሃኑን በየቀለሙ ከፍለው ደግሞ ከምን እንደተሠራ ያነባሉ።»

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ቆጥረው የኛ መብራት መቼ እንደሚመጣ ግን አያውቁም!» ይላቸው ነበር ደረጀ፤ አባቴም ሳይቀር ይስቅ ነበር። እኔ ግን ያኔ ለጠፋ ነገር ሁሉ ቀኑን የሚያገኝ ስሌት አለ ብዬ አመንሁ።

አንድ ማለዳ ደረጀን በር ላይ ሸኘነው፤ ከብሩክ ጋር ሀይሌ ጋርመንት ከሚባለው ሰፈር አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ድንበር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ ወደ ደቡብ ሄደ። ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ዝም አለ። በዓመቱ ብሩክ የደረጀን ጃኬት ይዞ ብቻውን ተመለሰ። ደረጀ በረሃ ላይ ታሞ ከኋላ ቀርቶ ነበር፤ ተከትለው የመጡ መንገደኞች ቀብረውት ጃኬቱን ለብሩክ አደረሱለት።

«ቀኑን ንገረኝ» አለችው እናቴ።

«እትዬ፣ እዚያ ቀን የሚቆጥር የለም።»

«እንግዲያ ልጄ አልሞተም። ቀን የሌለው ሞት የለም።» ለቅሶ አልቀመጥም አለች፤ ስልኳንም ከእጇ አትለየውም ነበር።

እንድታለቅስ ቀን ላገኝላት ደብተር ያዝሁ። ብሩክን ስንት ሌሊት እንደተጓዙ፣ ጨረቃዋ መቼ ሙሉ እንደነበረች፣ ውሃው መቼ እንዳለቀ ጠየቅሁት። ከተመለሰበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥሬ ያገኘሁትን በንጹሕ ገጽ ጽፌ፣ በፍሙ ብርሃን አነበብሁላት።

«አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽን በሂሳብ ልትገድዪብኝ ነው?»

ጋሽ ተሾመ ደብተሩን ወሰዱብኝ። «ቅሪቱም በመንገዱ እየዘገየ ይሄዳል» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «የዛሬ ፍጥነቱን ብቻ ይዞ የቆጠረ ይሳሳታል። ፍንዳታውን በዓይኑ አይቶ ቀኑን የጻፈ የጥንት ሰው የሚፈለገው ለዚህ ነው። አንቺ ምስክር የለሽም፣ ልጄ።» ከዚያ ምሽት በኋላ ስለ ኮከብ አንድም ቃል አልወጣቸውም።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስሌቱን ከነእርማቱ ተምሬዋለሁ። ያን ገጽ ግን ምንም አላረመልኝም፤ ዛሬም ቢሆን ቀኑን አላውቀውም።

ደብተሩ ከተወሰደብኝ በኋላ አንድ ክረምት አልፎ፣ ብሩክም በተቀመጠበት፣ እናቴ ዓይኗን ከፍሙ ሳታነሣ፣ «ከዚህ በር የወጣበትን ቀን ሁላችንም አይተናል፤ እሱን ያዙልኝ» አለች። አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ጋሽ ተሾመ ብዕር ጠየቁኝ። እናም የደረጀ ሙት ዓመት፣ ስቆ እጁን ሲያውለበልብልን ያየንበት ያ ማለዳ እንዲሆን ሁላችንም ተስማማን።