የዓሣው የኮሶ ቀን

እሜቴ ዓሣውን በእጃቸው ጥሬ ሥጋ ያጎርሱት ነበር። አውራ ጣት የሚያህል ወርቅማ ዓሣ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴው ባላቸው አራዳ ከአንድ ግሪክ ሱቅ ገዝተው፣ ከነአፈ ሰፊ ጠርሙሱ ያመጡላቸው። ልጅ አልነበራቸውም። እኔ ገረዳቸው ነበርኩ፤ የጠርሙሱን ውኃ በየማለዳው ከምንጭ ቀድቼ የምለውጠውም እኔው ነኝ።

በዚያ ዘመን ኮሶ የጠጣ ሰው ሥራ አይታዘዝም። ደጁ ይዘጋል፣ እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ይዞታል» ተብሎ ይመለሳል። እሜቴና ባላቸው ይህን ቀናቸውን ለማንም አይለቁም፤ በወጉ ቀኑ ለገረድም ቢሆን ይሰጣል። እኔ ግን ኮሶ ከታየኝ ሰንብቶ ነበር። ሆዴ ሲጮህ ያድራል፣ ቀሚሴ ሰፍቶኛል። ዛሬ እንግዳ አለ፣ ነገ ድግስ አለ እየተባልኩ ቀኔ ሁለት ጊዜ አለፈ። መድኃኒቱን የኮሶ አበባ ገዝቼ በመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬ እጠብቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ከዓሣው ሆድ ሥር ነጭ ክር ተንጠልጥሎ ታየ። እሜቴ ደረታቸውን መቱ።

«ወይኔ ልጄን! ኮሶ ታየው! ያንቺን አበባ ቶሎ ፍጪው!»

«እሜቴ፣ ለራሴ ያስቀመጥኩት እኮ ነው።»

«አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ትችይዋለሽ።»

ፈጨሁት። ቁንጥር የምታህለውን በዳቦ ፍርፋሪ ለውሰው አጎረሱት፤ የቀረውን እንዳይጎድልበት ብለው ውኃው ውስጥ ነሰነሱት። ለእኔ አንዲት ቁንጥር አልተረፈችም። መጋረጃው ተጋረደ፣ እኔም በር ላይ እንድቆም ታዘዝኩ። ጎረቤት ሴትዮ ሲመጡ «ኮሶ ይዞታል» አልኩ።

«ማንን?»

«ዓሣውን።»

የሚስቁ መስሎኝ ነበር። «እግዜር ይማርላቸው» ብለው ተመለሱ። እኔ ግን ይሙት ብዬ ተመኘሁ፤ ከልቤ ነው የተመኘሁት።

አልሞተም። ከሰዓት በኋላ ክሩ ወደቀ፣ ዓሣውም ጠርሙሱን ይዞር ጀመር። እሜቴ በደስታ አለቀሱ። ደስታቸው ሳይበርድ ብዬ ጠጋ አልኩ።

«እሜቴ፣ ነገ እንኳ የእኔ ቀን ይሁንልኝ። አበባ እንደ ምንም ፈልጌ አገኛለሁ።»

«ነገማ ገና ደካማ ነው፤ ውኃውን ማን ይለውጥለታል?»

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ደግሞ ምነው እንዲህ ከሳሽ? እሳቸው ቤት ገረድ አይበላም ብሎ ሰው እንዲያማኝ ነው?»