በዜማው መሃል የቀረችው ትንፋሽ

ልጄ ስልኳ ላይ የምትጫወተው ጨዋታ አለ። አንዲት ቀይ ልብስ የለበሰች ልጅ በገደል አፋፍ ላይ ትሮጣለች። ከወደቀች ትሞታለች። ስትሞት ስክሪኑ ይጨልምና ዝናብ ይዘንባል፤ ከዝናቡ ውስጥ ቀስ እያለ ዜማ ይመጣል። ዜማው ሲያልቅ ልጅቷ ትነሳለች።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን የባለቤቴን ጃኬት ከሚስማሩ ላይ አውርጄ፣ ልጠበው ወይስ ልተወው እያልኩ ቆሜ ነበር። ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ በቡና ወቅት ደግሞ ጆንያ ያመላልስ ነበር። ጃኬቱ አሁንም ቤንዚንና የቡና ገለፈት ይሸታል። እንግዲህ እሱን ይዤ ሳለሁ ነው ዜማው ከመጋረጃው ጀርባ የመጣው። አውቀዋለሁ አልኩ። ከየት እንደማውቀው ግን ጠፋኝ። ባለፈው ክረምት ከሞተ ወዲህ የማውቃቸው የሚመስሉኝ ነገሮች በዝተዋል፤ ገበያ መሃል ጀርባውን አያለሁ፣ ስጠጋ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ጆሮዬን አላመንኩትም።

«ያንን ደግመሽ አሰሚኝ» አልኳት።

«እንዲሰማ መሞት አለባት፣ እማ» አለችኝ።

ሞተች። ዝናቡ ዘነበ። ከዚያ ነው የጤና ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ የተከራየኋት ክፍል የመጣችብኝ።

ከጌጫ መጥቼ ሚዛን ከተማ ስማር፣ ከከተማው ዳር በባለቤቴ እናት ግቢ ውስጥ ነበር የምኖረው። ክፍሌ በቆርቆሮ የተከደነች ነበረች፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ መስኮቷ አንድ፣ ከመስኮቷ ውጭ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና። ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም ሮጠን ቡናውን ላስቲክ እናለብሳለን። ከላስቲኩ ሥር የሚወጣው የቀይ ቡና ሽታ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም፣ ደብተሬ ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። የመጀመሪያ ንግግራችንም በዚያ ላስቲክ ላይ ነው። እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን፣ «የጤናዋ፣ ሳቢው እንጂ፤ በሽተኛ ነው እንዴ የምታለብሺው?» አለኝ።

በዚያ ዘመን ቻይናዎች መንገዱን እየሠሩ ነበር። ከእነሱ መሃል አስተርጓሚ የነበረ አንድ ቀጭን ወጣት ነበር፤ አማርኛውን ከቀን ሠራተኞች ስለተማረ ሰላምታ ከመስጠት መሳደብ ይቀለው ነበር። ከእጁ የማይለየው መቅረጫ ነበረው። ነፋስ እንዳይገባበት ጸጉራም ነገር አልብሶት የጉሬዛ ግልገል ይመስላል። የእንቁራሪቱን፣ የወፍጮውን፣ የዝናቡን ድምፅ ይቀርጻል። የባለቤቴ እናት አንድ ቀን አስቆመችው።

«አንተ ቻይና፣ ይህ እንስሳህ ምንድነው የሚበላው?»

«ድምፅ» አላት።

ከሳቋ የተነሳ ገብተህ ተቀመጥ አለችው። ተቀምጦ ሲመለከት ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ቀርከሃ አየ። ቀዳዳ የሌለው ዋሽንት ነው። እዚህ አገር ወንዶቹ ሲጫወቱ እያንዳንዱ የራሱ ቀርከሃ አለው፤ ከቀርከሃው የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚሠራው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። ባለቤቴ፣ ያኔ ገና የማንም ባለቤት ያልነበረው፣ አውርዶ ነፋለት፤ አንዲት ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ።

ቻይናው መቅረጫውን ዘርግቶ ጠበቀ። «ሌላውስ?» አለ።

«ሌላው ሌላ ሰው ጋ ነው» አለው።

ድጋሚ ሊነፋለት ሲል ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ተነፋ፤ ግን አጠገቡ ለነበርነውም በቅጡ አልተሰማም። ቻይናው ማዳመጫውን ከጆሮው አንስቶ ራሱን ነቀነቀ፤ «ዝናብ በላው» አለ። ከዚያ ተስማሙ፦ ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ወንዶቹ ሁሉ ተሰብስበው ይጫወታሉ፤ ያን ቀን ይምጣና ዜማውን በሙሉ ይቅረጽ። በማግስቱ ወደ አገሩ ስለሚመለስ ያለችው ያቺ ቀን ብቻ ነበረች።

ቀኑ ሲደርስ ባለቤቴን ወባ ጣለው። እናቱ ወደ ጨዋታው ስትወጣ በሬ ላይ ቆማ፣ «አንቺ የጤና ተማሪ፣ ትምህርትሽ ምን ሊሠራ ነው? ነይ ጠብቂው» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። በመስኮቱ የገባችው ብርሃን እግሩ ላይ አርፋለች። ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ከጉብታው ማዶ ዋሽንቶቹ ሲጀምሩ ዓይኑን ገለጠ። እያዳመጠ ቆይቶ በአፉ «ኡ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ኡ»። ትኩሳቱ ወደ ራሱ የወጣ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ምን ሆንክ?»

«አትሰሚም? ቦታዬ ባዶውን ነው።»

«ሌላ ሰው አይሞላውም?»

«የማን ሆኖ?» አለኝ፣ ተቆጥቶ። «ሰው ከታመመ ቦታው ይጠበቅለታል። ትንፋሿን ያህል ዝም ብለው ያልፏታል።»

ያኔ ሰማኋት። ዜማው ይሮጥ ይሮጥና፣ አንድ ቦታ ላይ እግሩ ደረጃ እንዳጣ ሰው ይሆናል። ከዚያ እንደገና ይሮጣል። ባለቤቴ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ድምፁን ማውጣት ሲያቅተው እጄን ያዘኝ። «አንቺ በይው» አለኝ። መቼ እንደምል አላውቅም አልኩት። አንጓዬን ይዞ፣ ቦታዋ ስትደርስ ቆንጠጥ አደረገኝ። «ኡ» አልኩ። ሳቀ። «ፍየል» አለኝ። ጨዋታው እስኪያልቅ እሱ ይቆነጥጣል፣ እኔ እሞላለሁ። ሌላ መተጫጨት አላውቅም።

ቻይናው የቀረጸውን ይዞ በማግስቱ ሄደ። ዋሽንቱን ደግሞ ከተጋባን በኋላ፣ ከእናቱ ቤት ሳናወጣው ምስጥ በላው። ሌላ እቆርጣለሁ እያለ ኖረ።

ይህን ነግሬያት የጨዋታው ዜማ ይኸው ነው ስላት ልጄ አላመነችኝም፤ አልፈርድባትም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ የሠራውን ሰው ቪዲዮ አመጣች። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ጉንጩ ሞልቷል፣ ከጀርባው የሙዚቃ መሣሪያ ተደርድሯል። በሳቁ አወቅኩት። በቻይንኛ ይናገራል፣ ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ እያስቆምኩ አነበብኩት። የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ወድቆ ነበር። አባቱ ከመንገድ ሠራተኞች ጋር ወደ አፍሪካ ላኩት። ሲመለስ ማንም ስማቸውን ለማያውቃቸው ትንንሽ የስልክ ጨዋታዎች ድምፅ ይሠራ ነበር። ከዚያ ይህ ጨዋታ መጣ፤ ከጨዋታው በኋላ ፊልሞች፣ ከፊልሞቹ በኋላ ሽልማት። ጠያቂዋ ሙዚቃህ ውስጥ ሁልጊዜ ያቺ ዝምታ ለምን አለች አለችው። እሱም እንዲህ አለ፦ ዝናብና ቡና ባለበት አገር ሰዎች በዜማቸው መሃል ለማይታይ ሰው ቦታ ይተዋሉ፤ እኔ የሠራሁትን ሁሉ የሠራሁት ከዚያች ቦታ ተነስቼ ነው።

ሳቄ መጣ። ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ ቀደመው።

«ምን አለ፣ እማ?»

«ወባ ነው» አልኳት። «የማይታይ ሰው አይደለም። አባትሽ ነው። ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ምን እንደሚሰማኝ ለይቼ መናገር አልችልም። ድምፁን የያዘ አንድም ነገር በእጄ የለም፤ ስልኬ ላይ ያለው ፎቶ ብቻ ነው። ዜማውን ያወቅኩ ዕለት፣ ለካ ተገኘ፣ እዚያ ቻይና አገር ተቀምጦልኝ ነበር ብዬ ልቤ ዘለለ። ለካ የተቀመጠልኝ አለመኖሩ ነው። ያልነበረበትን ቀን ነው ዓለም የሚሰማው። ለቻይናው ልጻፍለትና ተሳስተሃል ልበለው እላለሁ፤ ደግሞ አሁንስ ተሳስቷል ወይ እላለሁ። አንዳንዴ ከዜማው በፊት የሚመጣው ዝናብ የእኛ ቆርቆሮ ላይ የዘነበው ዝናብ ይመስለኛል። ያ ከሆነ ከሥሩ ያኔ ዝናብ የበላው የባለቤቴ ትንፋሽ አለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ አዳምጣለሁ። ያለ ይመስለኛል፤ ደግሞ ዝናብ ብቻ ይሆንብኛል።

ትናንት ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ስመለስ ልጄ አልጋው ላይ ተቀምጣ ትጫወት ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀይ ለባሿ ልጅ ወደቀች፣ ዝናቡ ወረደ፣ ዜማው መጣ። ያቺ ቦታ ስትደርስ አንጓዬ ላይ የሆነ ነገር ቆንጠጥ ያደረገኝ መሰለኝ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ኡ።»

ልጄ ዞራ አየችኝ። ቀይ ለባሿ ልጅ ተነስታ መሮጥ ስትጀምር ጣቷን ከስክሪኑ ላይ አነሳች፤ ልጅቷን ገደሉ ጫፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻትና እንድትወድቅ ተወቻት። ዝናቡም እንደገና ጀመረ።