ሰላምታ የማያውቀው ፕሮግራም

አቶ እንደሻው ስትሮክ መትቷቸው ከአልጋ መነሣት ካቃታቸውና አንደበታቸው ከተዘጋ ወዲህ፣ አሰላ አብራቸው የምትኖረው አስተማሪ ልጃቸው ሮሐ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ሠራችላቸው። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ቃል እንደ ትዕዛዝ፣ ቀጣዩን እንደ ማብራሪያ ይወስዳል፤ «ውሃ አሁን» ብለው ከጻፉ የጎረቤታቸው የወይዘሮ በቀለች ስልክ ይጮኻል።

ማክሰኞ ማታ ሮሐ ከሥራ ስትመለስ አባቷን ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ በአንድ ጣታቸው ፊደል ሲለቅሙ አገኘቻቸው። ስክሪኑ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ «እንደምን ዋሉ ወይዘሮ በቀለች፣ ውሃ ቢያቀብሉኝ» ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ሥር «እንደምን የሚባል ትዕዛዝ የለም» ይላል።

«አባዬ፣ ውሃ ብለው ይጀምሩ አላልኩዎትም?» አለች እያጠጣቻቸው፣ እንባዋ እየወረደ።

ጣታቸው ቀስ ብሎ ጻፈ፦ «ሰላም ሳልል ሰው ልዘዝ?»

ነገም ብቻቸውን ነው የሚውሉት። ሮሐ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠችና፣ ፕሮግራሙ «ውሃ» የሚለውን ከሰላምታው መሀል ፈልጎ እንዲያወጣ ኮዱን እንደገና መጻፍ ጀመረች።