እትዬ ሸዋረጋ በልጃቸው ላይ አያሟርቱም

እትዬ ሸዋረጋን ለማታውቋቸው ላስተዋውቃችሁ። ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ሲያነጥፉ ኖረዋል፤ ወገባቸው የተበላሸው እዚያ ነው። የሐበሻ ሱቅ ከሞላበት ከፌርፋክስ መንገድ ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ከልጃቸው ከዳጊ ጋር ይኖራሉ። አንድ ጸባይ አላቸው፤ ስለ ልጃቸው ክፉ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። እናት ልጇን ብትወድ ምን ነውር አለው ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ ገና ምኑ ተነካና።

እኔ ሰርክዓለም እባላለሁ፤ ሰፈሩ ሰርክ ይለኛል። እዚያው ፌርፋክስ ላይ ከአንድ ቅመም ሱቅ ጀርባ አንድ ጠረጴዛና አንድ ፕሪንተር አለኝ። ታክስ እሠራለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ደብዳቤ አነባለሁ። ሐበሻ ከመንግሥት የመጣ ፖስታ ስለሚፈራ ሳይከፍተው ይዞት ይመጣል፤ እኔ የምኖረው በዚህ ፍርሃት ነው።

ዳጊ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ነገር ለመያዝም ይዘገያል። ሃያ ሁለት እስኪሞላው ድረስ ልዩ ትምህርት ቤት ይውል ነበር። ሲሞላው ሰርተፊኬትና ኬክ ሰጥተው አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ እናቱ ሥራ ሲሄዱ ቤት ብቻውን ይውል ጀመር። ዲሰቢሊቲ የሚሉት የመንግሥት የጉዳተኛ ድጎማ ቢፈቀድለት ከገንዘቡ ሌላ ቀን ቀን አብሮት የሚውል ሰው ማግኘት ይችላል። ይህንን ያስረዳኋቸው እኔው ነኝ። አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት።

አመለከትን። ለኢንተርቪው ከዲሰቢሊቲ ቢሮ ስልክ የተደወለልን እኔ ጠረጴዛ ላይ ሆነን ነው። የደወለችው ሴት ድምጿ የሚጥም ሰው ናት። «ልጅዎ እንዴት ነው?» አለች። ተረጎምኩ። እትዬ ሸዋረጋ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ በስልክ ማን እንደሚያያቸው እንጃ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። ምንም አይል» አሉ።

«ምግብ ማብሰል ይችላል?»

«እሱ? እጁ ይጣፍጣል።»

እጁ ይጣፍጣል የተባለው ልጅ አንድ ቀን እንቁላል ጠብሶ እሳቱን ሳያጠፋ ተኝቶ፣ የጭስ አላርሙ የሕንፃውን ሰው በሙሉ በፒጃማ መንገድ ላይ አስወጥቶታል።

«ብቻውን ይወጣል?»

«አውቶቡስ ራሱ ይሳፈራል። ቤተ ክርስቲያንም ያገለግላል።» አገልግሎቱ እናቱ እጅጌውን ይዘውት ሁለት ታጣፊ ወንበር ማንሳት ነው። አውቶቡሱን ግን ከየት እንዳመጡት ዛሬም አላውቅም።

«ከሰው ጋር ይግባባል?»

«ሰው ሁሉ ይወደዋል።» ይቺ እንኳ እውነት ናት።

ስልኩን በእጄ ሸፈን አድርጌ፣ «እትዬ፣ ስለሚጥለው ነገር ይንገሯት እንጂ» አልኳቸው። በዓይናቸው ቆረጡኝ። «አንቺ ልጅ፣ ለማላውቃት ሴት በገዛ ልጄ ላይ ላሟርት? አፍ እኮ ክፉ ነው» አሉኝ። እኔም ያሉትን አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩ። እንዲያውም «እጁ ይጣፍጣል» የምትለዋን «ኤክሰለንት ኩክ» ብዬ አሳመርኩላቸው። ሥራዬን በጥራት ነው የምሠራው።

ቢሮው ቀጥሎ ዳጊን ጋርዴና ላለ ሐኪም ቀጠሮ ያዘለት። የሚታየው ምን እንደማይችል ለማወቅ ነው። እትዬ ሸዋረጋ ግን ፈተና ነው ብለው ወሰኑ። ለአንድ ሳምንት አስጠኑት፤ የሳምንቱን ቀናት፣ አሥራ ሁለቱን ወራት፣ ከሃያ ወደ ኋላ መቁጠር። ፀጉሩን አስቆረጡት፣ ሱፍ አለበሱት፣ ከረባት አሰሩለት። እሱ ውስጥ ሲቆጥር እሳቸው በሩ ሥር ቆመው ከንፈራቸው አብሮ ይቆጥር ነበር። ማታ ደወሉልኝና «አለፈ» አሉኝ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር እንኳን ደስ አለዎት ብዬ ዘጋሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ደብዳቤው መጣ። ምግብ ያበስላል፣ ብቻውን አውቶቡስ ይሳፈራል፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ ያገለግላል፣ አለባበሱ የተስተካከለ ነው፣ ቀናትና ወራትን በትክክል ያውቃል ይላል። እያነበብኩ ስተረጉም ፊታቸው እየፈካ ሄደ። «መንግሥት ራሱ መሰከረለት» አሉ። ለጽዋ ማኅበራቸው ሴቶች የሚያድሉት አራት ኮፒ እንዳደርግላቸው አዘዙኝ። ኮፒውን እጃቸው ላይ ሳስቀምጥ፣ «ሶ፣ ታዲያ መቼ ነው የሚጀምርለት?» አሉ።

«እትዬ፣ ተከልክሏል እኮ ነው የሚለው።»

«ይህን ሁሉ እየመሰከሩለት?»

«ይህን ሁሉ ስለመሰከሩለት።»

ኮፒዎቹን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና አኩርፈውኝ ወጡ። ማኅበሩ ላይ ማደላቸውን ሰምቻለሁ።

በዚያው ወር እሳቸው ሥራ ላይ ሳሉ ዳጊ ምድጃው አጠገብ ወደቀ። ክንዱ ተቃጠለ። ሲነቃ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ለበሰ፤ ማታም ከእናቱ ጋር ቁጭ ብሎ እራት በላ። ያወቁት በማግስቱ ሸሚዙ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ አልወልቅ ሲል ነው። ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ነጠላም አልለበሱም።

«ምን በይ ትይኛለሽ?» አሉኝ እያለቀሱ።

«እውነቱን» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፤ በእሳቸውም፣ «ኤክሰለንት ኩክ» ባልኩት በራሴም። «የሚችለውን ለማኅበርዎ ይንገሩ። ለቢሮ የሚነገረው የማይችለው ነው።»

ይግባኝ አልን። ልብ ሰቀላ ስለማልወድ መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ተፈቅዶለታል፤ ዛሬ ሙዳሲር የሚባል ጨዋ የወሎ ሰው ቀን ቀን አብሮት ይውላል። ልነግራችሁ የፈለግኩት እንዴት እንደተፈቀደለት ነው።

ከብዙ ወራት በኋላ ዳኛ ፊት ቀረብን። ዳኛዋ የማይቸኩሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። እኔ የቀረብኩት በጉዳዩ እነሱን ለማገዝ ስለሆነ መተርጎም አልተፈቀደልኝም፤ አስተርጓሚ በስልክ ገባ። አማርኛው ልቅም ያለ የአዲስ አበባ ነው። እትዬ ሸዋረጋ ድምጹን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ፈረንጅ ቢሰማ ግድ የለም፤ ሐበሻ ግን ሰምቶ የት ወስዶ እንደሚያወራው አይታወቅማ።

«አንተ ልጅ፣ ሃውቶርን ሰፈር ነው የምትኖረው? ቤተ ክርስቲያንህስ የት ነው?» አሉት።

አስተርጓሚው ሕጉ የተነገረውን ሁሉ ተርጉም ስለሚለው ለዳኛዋ ተረጎመላቸው። ዳኛዋ ትንሽ አሰቡና «እኔ ካቶሊክ ነኝ» ብለው መለሱ። ከዚያ ጠየቁ፤ «ልጅዎ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህ…» ብለው እትዬ ሸዋረጋ ንግግራቸውን አቋረጡ። በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረግጫቸው ነበር። «ደህና አይደለም» አሉ። በማውቃቸው ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም።

«ብቻውን ገላውን አይታጠብም፤ እንዳይወድቅብኝ እፈራለሁ። ወራቱን ይጠራል እንጂ አሁን ያለንበትን ወር ቢጠይቁት አያውቅም። እኔ ነኝ ያስጠናሁት። አውቶቡስ ብቻውን ተሳፍሮ አያውቅም፤ ዋሽቼ ነው። እኔ ስሞት ምን እንደሚሆን አላውቅም።» ይህን ሁሉ ሲሉ ዳኛዋን እንጂ ልጃቸውን አላዩም። ዳጊ ከጎናቸው ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ያን ሁሉ ወር እውነቱን ይናገሩ ብዬ ስጨቀጭቃቸው፣ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ እንደሚሰማ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም ነበር። አፈርኩ።

«በሳምንት ስንት ጊዜ ይጥለዋል?» አሉ ዳኛዋ።

«አንዳንዴ አንድ ጊዜ። ሲብስ ሁለት።»

ዳጊ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩት እጁን አወጣ። ዳኛዋ ተናገር አሉት። እሱ ግን ወደ እናቱ ዞሮ በአማርኛ ነው የተናገረው።

«ኖ እማዬ፣ አምስት ነው። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ነው የሚመጣው። ለሰው ደህና ነው ትያለሽ አይደል? ውሸታም እንዳይሉሽ ብዬ አልነግርሽም።»

ዳኛዋ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁ፤ አስተርጓሚው ትርጉሙን ጀመረና መጨረስ አቃተው። እኔም መናገር አልተፈቀደልኝም።

እትዬ ሸዋረጋ የልጃቸውን እጅ ያዙና በሆቴል እንግሊዝኛቸው «ፋይቭ» አሉ። «ማይ ሰን ሴይ ፋይቭ። ራይት ኢት።»