በወርቁ ሰፈር ያረፍንበት ቀን

በቀደም ይጁቤ ከተማ ላይ አንድ ጎረምሳ ከመኪና ሲወርድ አየሁ። ዓይኑ ቢጫ፣ ከንፈሩ ደረቅ ነው። ሰዎች "ከወርቅ ቁፋሮ ነው የመጣው" ተባባሉና "እስቲ አሳየን፣ ምን ይዘህ መጣህ?" እያሉ ከበቡት። ልጁ የሰው ጆንያ ላይ ጋደም አለ። ያን ድካም አውቀዋለሁ።

እኔም ስድስተኛ ክፍልን አቋርጬ ከታላቅ ወንድሜ ከአንዷለም ጋር ቆላ ወርጄ ነበር። እሱ ወርቅ ይቆፍራል፣ እኔ ለቆፋሪዎቹ አበስላለሁ። ሰው ወርቅ ሰፈር ሲባል የሚያብረቀርቅ ነገር ይመስለዋል። እኔ የማስታውሰው የላስቲክ ዳስ፣ ቀይ አቧራና አሸዋ አሸዋ የሚል የማሽላ ቂጣ ነው። ዓይን አፋር ስለነበርኩ ምግቡን አስቀምጬ ዘወር እል ነበር፤ ስሜን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

የጉድጓዱ ሕግ አንድ ነበር፤ ያልወረደ አይካፈልም። የታመመም ቢሆን። አንዷለምን ወባ ሲይዘው እየተንቀጠቀጠ ገመዱን ይዞ ይወርድ ነበር።

"ተው፣ ትሞትብኛለህ" ስለው፣

"ባዶ እጄን እናቴ ፊት አልቆምም" ይለኛል።

አንድ ቀን ሲወጣ ገመዱ ከእጁ አምልጦት ለጥቂት ተረፈ።

ማንም የማይወርደው በበዓል ብቻ ነው። በበዓል የቆፈረ አፈር ይደረመስበታል ብለው ያገራችን ልጆች ወደ ጉድጓዱ አይጠጉም። እኛ ስልካችን ባትሪ ጨርሶ፣ ሰኞና ማክሰኞ ተደባልቆብናል። ቀን የሚቆጥርልን ድቁናውን ትቶ የመጣ ይበልጣል የሚባል ልጅ ነበር።

ገመዱ ከወንድሜ እጅ ያመለጠ ዕለት ማምሻውን ይበልጣልን ብቻውን አገኘሁትና መሬት መሬት እያየሁ፣ "ነገ በዓል ቢሆንስ?" አልኩት።

"የማን?"

"የማንም ይሁን። ወንድሜ ነገ ከወረደ አይወጣም።"

"በመልአክ ስም ዋሽ ነው የምትይኝ?" ብሎኝ ተነስቶ ሄደ።

ጠዋት ወንዶቹ አካፋቸውን ሲያነሱ ይበልጣል ጉሮሮውን ጠረገና "ዛሬ ገብርኤል ነው" አለ።

"አይ የኛ መሪጌታ! ገብርኤልማ አልፏል" አለ አንዱ።

ሁሉም ወደ አያ ሞላ ዞረ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት እሳቸው ናቸው፤ ቀንም አይስቱም። ይበልጣልን አዩት። ከዚያ ኩርምት ብሎ የተቀመጠውን ወንድሜን አዩት።

"ገብርኤል ነው" አሉ። "ወገቤ ከሌሊት ጀምሮ ሲነግረኝ አድሯል። አስቀምጥ አካፋህን፣ አንተ ከሃዲ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ እንደ ታጨደ ገብስ ባለበት ተዘረረ፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚሰማው ማንኮራፋት ብቻ ሆነ። ጉድጓዱ ዝግ ስለሆነ አንዷለምም ለሕክምና ለመሄድ እሺ አለኝ። ይበልጣል ደግፎት፣ እያረፍን እየተነሳን ጤና ጣቢያ ደረስን። ነርሷ ዓይኑን ገልጣ አየችና "አንድ ቀን ብታሳድሩት ኖሮ…" አለች።

አንዷለም ዛሬ የልጆች አባት ነው። በየዓመቱ ገብርኤልን ይዘክራል። "ያን ቀን እሱ ባያሳርፈኝ አፈር በልቶኝ ነበር" እያለ ለጎረቤቱ ያወራል። እኔ ጠላውን እቀዳለሁ። ቀኑ የገብርኤል እንዳልነበረ ልነግረው አስብና ይደክመኛል። ደግሞስ ያሳረፈን ማን እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?